የቋንቋ አጀማመር ንድፈ ሐሳቦችን በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ደርድሮ የማነጻጸር መመሪያ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጎን ባለው ኮሙናል ውስጥ እሁድ እሁድ ከሰዓት የምንሰበሰብ ስምንት ሰዎች ነን። እናነባለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንከራከራለን። ባለፈው ክረምት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ሰው መጀመሪያ ማውራት የጀመረው እንዴት ነው?» አለ። ሁላችንም መልስ ነበረን። አንዷ «የእንስሳትን ድምፅ በማስመሰል ነው» አለች። አንዱ «በእጅ ምልክት ነው» አለ። አንድ አባት ደግሞ ነገሩን ወደ አዳም ወሰዱት። በሳምንቱ ሁላችንም ያገኘነውን አንብበን መጣን። ሁለት ሰዓት ተከራክረን አንድም ነገር ሳይጠራ ተለያየን።

ማታ ቤት ሆኜ ሳስበው ነው ነገሩ የገባኝ። ስለ አንድ ነገር አልነበረም የተከራከርነው። አንዱ ስለ ድምፅ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሰዋስው፣ ሦስተኛዋ ቋንቋ ስለሚሰጠው ጥቅም። ሁለት ንድፈ ሐሳቦች የሚጣሉት ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጡ ብቻ ነው። ለየቅል ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ከሆነ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ይህን ሳያዩ ማነጻጸር ድካም ነው።

ከዚያ በኋላ በብዙ ሙከራ ያገኘነው አሠራር ይኸው። ለብቻችሁም፣ ከጓደኛ ጋርም፣ ከተማሪ ጋርም ይሠራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ወረቀት፣ ማርከር፣ አራት ሜትር ያህል የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ሜትር። ባለቀለም ወረቀት ከሌለ ካርቶን ቆርጣችሁ ግማሹን በቀይ፣ ግማሹን በሰማያዊ አስምሩበት።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ሰባብሩት

«ቋንቋ እንዴት ተጀመረ?» አንድ ጥያቄ ይመስላል። ግን ቢያንስ አምስት ጥያቄ ነው። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፏቸው። ተጀመረ የምንለው ምንድን ነው? መቼ ነው? በየት በኩል መጣ፣ በእጅ፣ በዜማ ወይስ በቃል? ለምን ጠቀመ? ከትውልድ ወደ ትውልድስ በምን ተላለፈ፣ በዘር ወይስ በመማር?

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። እዚያ ላይ ጊዜ ስጡ። ቋንቋ ስንል ድምፅ ማውጣት ማለታችን ነው? ወይስ አንድን ነገር በስም መጥራት? ወይስ ቃላትን በሥርዓት ማጋጠም? ወይስ የሌላውን ሰው ሐሳብ መረዳት?

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ሊያሳስተን ይችላል። ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። መጀመሪያ የለመድነውን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» እንለዋለን። «ልሳን» ማለትም ምላስ ነው። ቋንቋን ከአፍ ጋር አስረን ነው ያደግነው። ነገር ግን መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅ፣ በፊትና በዓይን የሚናገሩት የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ስቶኪ ይህን በ1960 ማሳየት ጀመረ። ስለዚህ ንግግርና ቋንቋ አንድ አይደሉም። በደብተራችሁ ላይ ለያይታችሁ ጻፉ። ግማሹ የእኛ ክርክር እዚህች ጋ ነበር የታሰረው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ያኔ ስለ አዳም ያነሡት አባት «የመጀመሪያው ቋንቋ የትኛው ነው?» ብለውም ነበር። ይህ የቆየና የተከበረ ጥያቄ ነው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የግብፁ ንጉሥ ፕሳሜቲኩስ ሁለት ሕፃናትን ያለ ንግግር አሳድጎ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ ጠብቋል። ነገር ግን «የትኛው ቋንቋ ቀደመ?» እና «የመናገር ችሎታ እንዴት መጣ?» የተለያዩ ናቸው። ለእሳቸው ጥያቄ የራሱን ካርድ ሠራንለትና ከገመዱ ጎን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። «ይኼ ጥሩ ነው፣ ቦታውን አገኘ» አሉ።

2. ለእያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ አንድ ካርድ ጻፉ

በካርዱ ላይ አምስት ነገር ይኑር። ማን፣ መቼ አለው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል። ከአምስቱ ጥያቄዎች የትኛውን ይመልሳል። በምን ማስረጃ ይቆማል። ምን ቢገኝ ይወድቃል። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ምንም ነገር ሊጥለው የማይችል ሐሳብ ካጋጠማችሁ ካርዱን ጥግ ላይ አስቀምጡት።

አንዱን አብረን እንሥራ። የእንግሊዛዊውን ተመራማሪ የሮቢን ደንባርን ልውሰድ፤ መነሻው እዚሁ አገራችን ነውና። ደንባር በ1970ዎቹ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎችን አጥንቷል። ዝንጀሮዎች አንዱ የሌላውን ጠጉር እየፈለፈለ ወዳጅነቱን ያጠብቃል። መንጋው ሲበዛ ግን ለሁሉም ጊዜ አይበቃም። በ1990ዎቹ ደንባር እንዲህ አለ፦ የሰው ቡድን እያደገ ሲሄድ እጅ ለሁሉም አልደረሰም፣ በቦታው ወሬ ገባ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው ጠጉሩን የምትፈለፍሉለት። በወሬ ግን ሦስትና አራት ሰው ትይዛላችሁ። ደንባር የሰው የቅርብ ትውውቅ ወደ 150 ሰው ገደማ ነው የሚለውም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ነው።

ይህን ስንጽፍ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ የምናወራው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ። ሐሳቡ ወዲያው ልባችን ውስጥ ገባ። መጠንቀቅ ያለባችሁም ያኔ ነው። ደስ ያለን ሐሳብ በማስረጃ ቆሟል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ካርዱን እንሙላ። የሚመልሰው «ለምን ጠቀመ?» የሚለውን ነው። ሰዋስው ከየት መጣ ለሚለው መልስ የለውም። ድክመቱስ? ለመቀራረብ ብቻ ከሆነ እንጉርጉሮም ይበቃ ነበር፤ ትርጉም ያለው ቃል ለምን አስፈለገ? ደግሞ ጠጉር መፈልፈል ጊዜ ስለሚፈጅ የእውነት ወዳጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ወሬ ግን ርካሽ ነው፤ ውሸታምም ያወራል። ታዲያ ሰው ለምን አመነው? እነዚህን በካርዱ ጀርባ ጻፉ።

3. ሌሎቹን ሰብስቡ፣ በአማርኛም ፈትኗቸው

ከጥንቶቹ ጀምሩ። በ1861 የቋንቋ ሊቁ ማክስ ሙለር በጊዜው የነበሩትን ሐሳቦች የቅጽል ስም አወጣላቸው። አንዱን በውሻ ጩኸት ሰየመው፤ ቃል የመጣው የተፈጥሮን ድምፅ በማስመሰል ነው ለሚለው። ሌላውን በስሜት ጩኸት ሰየመው፤ ቃል ከ«ወይ!» እና ከ«ኡፍ!» መጣ ለሚለው። ግምቱ እየበዛ ስለሄደ በ1866 የፓሪስ የሥነ ልሳን ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ እንደማይቀበል በደንቡ ጻፈ።

እኔ ግን የማስመሰሉን ሐሳብ ቶሎ አልጥለውም፤ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ሊጥለው አይችልምና። «ዱብ አለ»፣ «ጧ አለ»፣ «ዥው አለ» እንላለን። ቃሉ ድምፁን ይዟል። ወዲያው ደግሞ «ቦግ አለ» እና «ብልጭ አለ» አሉ። ብርሃን ድምፅ የለውም፣ ግን ቃሉ ብልጭታውን የያዘ ይመስላል። ቀጥሎ «ዝም አለ» እና «ቁጭ አለ» ይመጣሉ። እዚህ ጋ ማስመሰሉ የለም፣ «አለ» የሚለው ቃል ግን እዚያው አለ። ከድምፅ ተነሥቶ ድምፅ ወደሌለው ነገር የሚሄድ መንገድ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ይታያል። ይህ ቋንቋ በዚህ መንገድ ተጀመረ ማለት አይደለም። የዛሬ አማርኛ የዛሬ ቋንቋ ነው። ደግሞም ማስመሰል እንኳ ከልማድ አያመልጥም። የእኛ ዶሮ «ኩኩሉ» ይላል፣ የእንግሊዞቹ «ኮክ ኤ ዱድል ዱ»። ካርዱ ላይ «ስለ ቃል ምንጭ ይናገራል፣ ስለ ሰዋስው አይናገርም» ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ የእጅ ምልክት። ጎርደን ሂዊስ በ1973፣ በኋላም ማይክል ኮርባሊስ ቋንቋ ከእጅ ወደ አፍ መጣ ብለው ተከራክረዋል። ትልልቆቹ ዝንጀሮዎች፣ እነ ቺምፓንዚና ጎሪላ፣ ድምፃቸውን እንደልብ አያዙም፣ እጃቸውን ግን ያዛሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓርማ ውስጥ፣ ጦጣ ራሱ ሲጨብጥም ሌላው ሲጨብጥ ሲያይም የሚነቁ የአንጎል ሴሎች መገኘታቸው ለዚህ ካርድ ጉልበት ሰጠው። የሚያስቸግረው ጥያቄ አንድ ነው፦ እጅ ይህን ያህል ከሠራ፣ ወደ አፍ መዞር ለምን አስፈለገ?

የዜማው ካርድ የዳርዊን ነው። በ1871 ሰው ከመናገሩ በፊት ያዜም ነበር የሚል ግምት ሰጠ። እዚያው ያስቀመጣት አንዲት ነጥብ ለእኛ ቤት የተጻፈች ትመስላለች፤ ሕፃን በተፈጥሮው ለመናገር ይሞክራል፣ መጥመቅ፣ መጋገር ወይም መጻፍ ግን በተፈጥሮው የሚጀምር ሕፃን የለም። ከዚህ ጋር የዲን ፎልክን የ2004 ሐሳብ አያይዙት። የሰው እናት ሰውነቷ እንደ ዝንጀሮ ጠጉር ስለሌለው ልጇ ተንጠልጥሎባት መሄድ አይችልም፤ ለሥራ መሬት ስታስቀምጠው በድምፅ ታባብለዋለች። እሹሩሩ ማለት ነው።

ከዚያ «ጥንስስ» የምላቸው ሐሳቦች አሉ። ጠላው አልደረሰም፣ ግን ከውኃነት አልፏል። ዴሪክ ቢከርተን በ1990 መጀመሪያ ሰዋስው የሌላቸው ነጠላ ቃላት ነበሩ አለ። አሊሰን ሬይ ደግሞ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ የነበረው ሙሉ መልእክት የያዘ አንድ ድምፅ ነው፣ ቃላት የወጡት ያ ሲሰነጠቅ ነው አለች። ለመረዳት «እንካ» የሚለውን አስቡ። አንድ ቃል ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ነው። እነዚህ ሁለት ካርዶች በእውነት ይጣላሉ። አንዱን በሌላው ላይ ቆንጥጧቸው።

የሰዋስው ካርዶችም እንዲሁ ናቸው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ፣ ከማርክ ሃውዘርና ከቴኩምሴ ፊች ጋር በ2002 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሰው ብቻ የሆነው ነገር ሐሳብን በሐሳብ ውስጥ የመክተት ችሎታ ሊሆን ይችላል አለ። «ጎረቤቴ የገዛው በግ የበላው ሣር» ስንል የምናደርገውን ማለት ነው። ቾምስኪ ይህ ችሎታ ድንገት መጣ ይላል፣ መጀመሪያ ያገለገለውም ለማሰብ እንጂ ለመነጋገር አይደለም ይላል። ስቲቨን ፒንከርና ፖል ብሉም ግን በ1990 ሰዋስው እንደ ዓይን ነው፣ በተፈጥሮ ምርጫ ቀስ በቀስ ለመግባቢያ ተሠራ ብለው ነበር። ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ፣ ለማሰብ ወይስ ለመግባባት። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው።

የመማሩን ካርድ አትርሱ። ሳይመን ከርቢና ባልደረቦቹ በ2008 ሰዎችን የፈጠራ ቃላት አስተማሩ። አንዱ ተማሪ የጻፈው ለቀጣዩ ትምህርት ሆነ፣ እንደ ሰንሰለት። ለተለያዩ ነገሮች የተደጋገመ ቃል እንዲጣራ በተደረገበት ሙከራ፣ ከዙር ወደ ዙር ቃላቱ ለቀለም፣ ለቅርጽና ለእንቅስቃሴ የየራሳቸውን ክፍል እያበጁ ሄዱ። ያንን ያቀደ ሰው አልነበረም። ማስተላለፉ ብቻውን ሥርዓት ፈጠረ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህ ካርድ ነው።

4. ማስረጃዎችን በሌላው ቀለም ጻፉ

ማስረጃን ከንድፈ ሐሳብ ለይቶ መጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ማስረጃ ለሁለት ንድፈ ሐሳብ ሊሠራ እንደሚችል በዓይናችሁ ታያላችሁ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ይኑር፦ «ምን ያሳያል» እና «ምን አያሳይም»። ሁለተኛዋ መስመር ናት ዋናዋ።

ሰላምን እንውሰድ። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን ናት። ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት እንኳ አልጠፋችም። አጥንቷ የምትመስለው የአፍሪካ ትልልቅ ዝንጀሮዎችን እንጂ እኛን አይደለም። በ1983 እስራኤል፣ ኬባራ ዋሻ የተገኘው የ60 ሺህ ዓመት ኒያንደርታል (የጠፋ የሰው ዘመድ) ግን እንደኛ ዓይነት አጥንት አለው። ይህ ምን ያሳያል? የድምፅ መሣሪያው መለወጡን። ምን አያሳይም? ቃል መኖሩን። ከዚህም ሌላ በ2016 የጦጣን አፍና ጉሮሮ በራጅ ያዩ ተመራማሪዎች፣ አፉ ለንግግር ይበቃ ነበር፣ ያነሰው አፉን የሚያዘው አንጎል ነው አሉ። ይህን ካርድ ከሰላም ካርድ ጎን ስትሰቅሉት የአጥንት ማስረጃ ክብደቱ ይቀንሳል።

ጭላዳም እዚህ ይመለሳል። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ ድምፅ ሲያወጣ ምቱ ለሰው ንግግር ምት ይቀርባል። አንድ እንስሳ፣ ሁለት ካርድ። አንዱ ለደንባር «ለምን»፣ አንዱ ለድምፁ «በየት በኩል»። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ብትጠብቁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎክስፒ2 በሚባለው ዘረመል ነው። በ2001 በአንድ የለንደን ቤተሰብ ውስጥ ንግግር ከሚያስቸግር ችግር ጋር ተያይዞ ተለየ። ወዲያው «የቋንቋ ዘረመል» ተባለ። ግን አይጥም ወፍም ይህ ዘረመል አላቸው። በ2007 ደግሞ የእኛው ዓይነት በኒያንደርታልም ተገኘ። ለቋንቋ ይጠቅማል፣ ቋንቋን ብቻውን አይሠራም።

ኒካራጓን በትልቅ ወረቀት ጻፉት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማናጓ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸው ተገናኙ። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ራሳቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ፤ ከእነሱ በኋላ የገቡት ትንንሾች ደግሞ ሰዋስው ይበልጥ አበጁለት። የቾምስኪ ወገን «ተፈጥሮ ነው» ይላል። የከርቢ ወገን «ማስተላለፉ ነው» ይላል። የእጅ ምልክት ወገንም ይደሰታል። ሁሉም የሚጠራው ማስረጃ ማንንም አሸናፊ አያደርግም። ልጆቹ የዛሬ አንጎል ያላቸው የዛሬ ልጆች መሆናቸውንም ጻፉ።

5. ገመዱን ዘርጉ

አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። የቀኙ ጫፍ ዛሬ ነው። ወደ ግራ ለኩ።

ሰላም 3.3 ሜትር ላይ ትሰቀላለች። በጎና፣ አፋር የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሜትር ላይ። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው እንደኛ ያለ ሰው፣ በ2022 ዕድሜው ወደ 230 ሺህ ዓመት ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ 23 ሳንቲሜትር ላይ። አፋር ውስጥ ሄርቶ የተገኘው ሰው 16 ሳንቲሜትር ላይ። ደቡብ አፍሪካ፣ ብሎምቦስ ዋሻ የተገኘው የተቀረጸ ቀይ ድንጋይ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ላይ። ጽሕፈት ግማሽ ሳንቲሜትር ላይ፤ መቆንጠጫው ራሱ ከዚያ ይሰፋል። እኛ ጋ ሁሉም ዝም ያለው እዚህ ላይ ነበር።

አሁን የንድፈ ሐሳብ ካርዶቹን ስቀሉ። ቾምስኪና ሮበርት በርዊክ የሰጡት ጊዜ ከ200 ሺህ እስከ 60 ሺህ ዓመት ነው፤ ካርዳቸው ከ20 እስከ 6 ሳንቲሜትር ባለችው ቦታ ውስጥ ይገባል። ቀስ በቀስ የሚሉት ግን ሜትሮች ይፈልጋሉ። ጊዜ የማይናገር ንድፈ ሐሳብ ካለ አትስቀሉት። ለምን አልተናገረም ብላችሁ ጠይቁ።

ለረጅሙ ጊዜ የሚመች አንድ ማስረጃ አለ። በ2015 በወጣ ሙከራ 184 ሰዎች የጥንቱን ዓይነት ድንጋይ መፈልፈል ተማሩ። ዝም ብሎ ከማየት ይልቅ ማስተማር፣ በተለይም በንግግር ማስተማር፣ የተሻለ ውጤት ሰጠ። ይህ ካርድ ከጎና ቀጥሎ ይሰቀላል። ጀርባው ላይ «ተማሪዎቹ የዛሬ ሰዎች ናቸው» የሚል ይጻፍ።

6. ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አነጻጽሩ

ሁሉንም በአንዴ አታነጻጽሩ። ሁለት ካርድ አውርዱ። አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሱት? ካልሆነ ጎን ለጎን መልሷቸው፣ አለቀ። ደንባርና የእጅ ምልክት እንዲህ ናቸው፤ አንዱ «ለምን»፣ አንዱ «በየት በኩል»። አንድ ጥያቄ ከሆነ ግን ቀጥሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ? የሚለያያቸው ማስረጃ የትኛው ነው? ገመዱ ላይ አለ ወይስ ገና አልተገኘም?

ነጥብ በቁጥር አትስጡ። እኛ ከአሥር እየሰጠን ሞክረን ነበር፤ ሁሉም የወደደውን ዘጠኝ ሰጠ። በቁጥር ፋንታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ ለቾምስኪ እንዲህ ጻፍን፦ «ሐሳብን በሐሳብ መክተትን በደንብ ያያል፤ ድንገት መጣ ለሚለው ግን ከገመዱ ላይ የሚደግፈው ጥቂት ነው።» ለከርቢ፦ «ሥርዓት ከመማር እንደሚወጣ ያሳያል፤ መማር የሚችለው አንጎል ከየት እንደመጣ አይናገርም።»

እኔ ራሴ በመጨረሻ ወዴት አጋደልኩ? ቋንቋ አንድ በር ብቻ የነበረው አይመስለኝም። ምቱ ከጥንት ዝንጀሮ ዘመዶቻችን፣ ምልክቱ ከእጅ፣ ሰዋስው በተወሰነ መጠን ከመማር ሰንሰለት የመጣ ይመስለኛል። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ግን አይስማማም። የቾምስኪን ካርድ በየሳምንቱ ያስተካክለዋል፣ ጀርባው ሞልቶ ሌላ ወረቀት ቀጥሎበታል።

7. ገመዱን ይዛችሁ ውጡ

ይህ ግዴታ አይደለም፣ ግን በጣም እመክራለሁ። ከእኛ ሰፈር በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ስትይዙ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጥሬ ትደርሳላችሁ። በ2024 ከባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። አዋሽ ዳር፣ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የተጠረቡ ድንጋዮች አሉ። ባልጭት ላይ ጥቁሩ ባልጩት መሬቱን ሞልቶታል።

ከቦታው ምንም አታንሡ፤ ቅርስ ነው። ቤት ስትመለሱ ግን ተራ ድንጋይ ፈልጉና ለጓደኛችሁ አጠራረቡን አንዴ በዝምታ፣ አንዴ በእጅ ምልክት፣ አንዴ በንግግር አሳዩት። ዓይናችሁን ከስንጥር ጠብቁ። የትኛው ጋ እንደተቸገራችሁ ወዲያው በካርድ ጻፉት። እኛ ስንሞክር በዝምታ ያልተላለፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እዚያ ጋ አትምታ» የሚለው። ልጁ ይህን በማስረጃው ቀለም ጽፎ 2.6 ሜትር ላይ ሰቀለው፣ ከጎኑም ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረገበት።